ለእንቁጣጣሽ የሚደርስ ትንሽ የሽሙጥ መዝገበ ቃላት፦ የሥራ ማስታወሻ

ሰኔ 24

ሥራው ይህ ነው። በየቀኑ አፋችን ላይ ያሉ ቃላትን መሰብሰብ፤ ከዚያ መዝገበ ቃላት በሚናገርበት ኮስታራ አነጋገር፣ ሰው በተግባር የሚገለገልባቸውን ትርጉም መስጠት። ሲያልቅ ኪስ የምትገባ መጽሐፍ ትሆናለች፤ ለእንቁጣጣሽ ዘመድ ስንጠይቅ እናድላታለን። ኬክ ከመግዛትም ይረክሳል።

የደብተር ወረቀት አራት ቦታ ቀድጄ አንዱን ቃል በአንዱ ቁራጭ እጽፋለሁ። ላይኛው ጥግ ላይ ቃሉ፣ ቀጥሎ የቃል ክፍሉ፣ ከሥሩ ፍቺው። የቃል ክፍሉ ለጌጥ የገባ አይደለም። «ስም» ወይም «ግስ» ብሎ ያልጀመረ ፍቺ ቀልድ መሆኑ ከሩቅ ይታወቅበታል። አንባቢው ሰዋስው ክፍል የተቀመጠ መስሎት ሳለ ነው መወጋት ያለበት።

የጫማ ሣጥኑ ውስጥ ቀድመው የገቡት፦

ቀጠሮ፣ ስም፦ ሁለት ሰዎች ተስማምተው፣ አንዱ ብቻ እንዲጠብቅ የሚወስኑት ሰዓት።

መጣሁ፣ ግስ፣ ኃላፊ ጊዜ፦ ተናጋሪው ገና አልተነሣም።

ደረስኩ፣ ግስ፣ ኃላፊ ጊዜ፦ ተነሥቷል። ካልሲ እየፈለገ ነው።

በር ላይ ነኝ፣ ሐረግ፦ እውነቱን ነው። የራሱ በር ላይ ነው።

እዚህ ላይ ሥራውን የሠራው «ኃላፊ ጊዜ» የሚለው ነው። እኔ ምንም አልጨመርኩም።

ሐምሌ 3

አንዲት ማስረጃ ለማውጣት የገባሁበት ቢሮ (ስሙ ይቅር) ከጠዋት እስከ ማታ አስቀምጦኝ ዋለ። ማስረጃዋን አላገኘሁም፤ ሣጥኑ ግን ወፍሮ ተመለሰ።

ሲስተም፣ ስም፦ ሲኖር ማንም የማያየው፣ ሲጠፋ ቢሮ ሙሉ ሕዝብ የሚያዝንለት።

ስብሰባ፣ ስም፦ ባለጉዳይ ሲመጣ ኃላፊ የሚገባበት።

ኮሚቴ፣ ስም፦ አንድ ሰው ብቻውን እምቢ ማለት ሲያፍር፣ ሰባት ሆኖ እምቢ ይላል።

ፎቶ ኮፒ፣ ስም፦ ዋናውን ይዘህ ለቀረብክለት ሰው፣ ዋናውን መያዝህን የሚያሳምን።

ማኅተም፣ ስም፦ ወረቀቱ ላይ ካለው ጽሑፍ ሁሉ የሚታመን፤ ስለዚህም ጽሑፉ ላይ የሚመታ።

አጠገቤ ወረፋ የያዙ እናት ምን እንደምሞነጫጭር ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «‹ነገ› የሚለውን ጽፈሃል?» አሉኝ። «ገና ነኝ እማማ፤ እርስዎ ምን ይሉታል?» ስላቸው፣ ወደ መስኮቱ እያዩ «ከሚያዝያ ጀምሮ የምመጣበት ቀን ነዋ!» አሉ። እንዳለ ወሰድኩት፦

ነገ፣ ተውሳከ ግስ፦ ከሚያዝያ ጀምሮ የሚመጡበት ቀን።

እስካሁን ከሣጥኑ ውስጥ ይህን የሚያህል የለም። ወንበር ላይ ተቀምጦ ከማሰብ ይልቅ፣ ቃሉ ያሠቃየውን ሰው ፈልጎ መጠየቅ እንደሚሻል የገባኝ እዚያ ነው።

ሐምሌ 11

ዛሬ ጅራት ስቆርጥ ዋልኩ። አማርኛ ፍቺ ሲሰጥ ገላጩን ሁሉ ያስቀድምና ዋናውን ስም መጨረሻ ላይ ያሳርፋል፦ «እንዲህ የሚያደርግ፣ እንዲያ የሚል ሰው»። ለእውነተኛው መዝገበ ቃላት ይመቻል። ለሽሙጥ ግን መርዝ ነው። መውጊያው መሀል ላይ ያልቅና፣ አንባቢው ሊስቅ አፉን ሲከፍት «ሰው» ወይም «ነገር» የምትባል ለዛ ቢስ ቃል ትመጣበታለች። ደላላን ልውሰድ፦

መጀመሪያ የጻፍኩት፦ ሻጭንና ገዢን የሚያገናኝ፣ ነገር ግን ሁለቱ ስልክ እንዳይለዋወጡ የሚጠብቅ ሰው።

አሁን ያለው፦ ሻጭና ገዢ እንዲገናኙ ይሠራል። እንዳይተዋወቁም ይሠራል።

ከ«ሰው» በተጨማሪ «ነገር ግን»ም ወጥታለች። «ግን» ጠላት ናት፤ ቀልዱ ሊመጣ ነው ብላ ቀድማ ታሳብቃለች። ሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ዝም ማለት ይበቃል።

ደላላ ከገባ አይቀር የኪራይ ቃላቱንም አስገባኋቸው፦

ለመንገድ ቅርብ፣ ሐረግ፦ የታክሲ ረዳቱ «መገናኛ! መገናኛ!» ሲል አልጋህ ላይ ሆነህ ትሰማዋለህ።

ጸጥ ያለ ሰፈር፣ ሐረግ፦ ታክሲ አይገባም።

ውሃ አለ፣ ዓረፍተ ነገር፦ ቧንቧ አለ።

የመጨረሻዋን እወዳታለሁ። ባጠረ ቁጥር ይሻላል የሚል ሕግ ላወጣ ነበር፤ ግን ሁሉም ቃል አያጥርም።

ሌላው የዛሬ ራስ ምታት መጥበቅና መላላት ነው። ፊደላችን ምልክት ስለማያደርግበት፣ ለጆሮ የሚያስቀው ቃል ወረቀት ላይ ሲወርድ አንባቢው በየትኛው እንደሚያነበው አይታወቅም። ከመሸሽ በቀጥታ መግባት ይሻላል አልኩ፦

ገና፦ ጠብቆ ሲነበብ በዓል። ላልቶ ሲነበብ ሥራው የደረሰበት።

እግረ መንገዱን ራሱ «ፍቺ» የሚለው ቃል ሳይጠራ መጣ፦

ፍቺ፣ ስም፦ 1. የቃል ትርጉም። 2. የትዳር መጨረሻ። በሁለቱም ነገሩ ምን እንደ ነበር ይታወቃል።

ሐምሌ 23

ወሬው ወጥቶ ሰው ቃል ማዋጣት ጀምሯል። የሚመጣው ግን አይነቱ ብዙ ነው።

ግማሹ የድሮ ቀልድ ይዞ ይመጣና «አለቃ ገብረ ሐና እንዳሉት» ብሎ ይጀምራል። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሊቅ፣ ባለቅኔ፣ ተክሌ ከሚባለው የቤተ ክርስቲያን አቋቋም ስልት ጋር ስማቸው የሚነሣ ሰው ናቸው፤ ሕዝቡ ግን ባለቤት ያጣ ቀልድ ሁሉ እሳቸው ደጅ ላይ ይጥላል። ባለፈው ሳምንት አንዱ ስለ ኤቲኤም የተነገረ ቀልድ የእሳቸው ነው ብሎ ድርቅ አለብኝ። ከአለቃ የመጣ ነው የተባለን ሁሉ መልሻለሁ። በነገራችን ላይ የእሳቸው መንገድ ሰምና ወርቅ ነው፤ አንዱን ቃል ለሁለት ይሰነጥቁታል። እኔ የያዝኩት ቃሉን ሳይነኩ ጎረቤቱን መቀየር ነው። ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም።

ሌላው ያመጣው ስድብ ነው። የዚህ ክፍለ ሀገር ሰው እንዲህ፣ የዚያ ሰፈር ሴት እንዲያ። ስድብ ፊቱ ላይ ሁለት ነጥብ ከሰረዝ ስላደረገ ፍቺ አይሆንም፤ ጥዬዋለሁ። ስለ ቤት ሠራተኛ የመጡትንም አላስገባሁም። የሚያስቁ ነበሩ፤ የሚስቁት ግን አሠሪዎች ብቻ ናቸው። ማኅተም ባለው ላይ እንሳቅ፣ ለሌላው በኋላ ይታሰብበታል።

ጥሩው ያው ከባለቤቱ የመጣው ነው። በምሳፈርበት መስመር ያለ የታክሲ ረዳት፣ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ እያለ እነዚህን አቀበለኝ፦

አንድ ሰው፣ ስም፦ (ረዳት ሲጣራ) ከአራት የማያንስ።

ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ትእዛዝ፦ ትከሻ ይታጠፋል የሚል እምነት።

ዝርዝር፣ ስም፦ ተሳፋሪ እኔ ጋ አለ ብሎ ያምናል። እኔ እሱ ጋ አለ ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛዋን በራሱ አፍ እንዳለች፣ «እኔ» እንዳለ ትቼዋለሁ። መዝገበ ቃላት «እኔ» አይልም፤ እዚህ ቢል ምን ይሆናል።

ነሐሴ 6

ፍልሰታ ገብቷል፤ ሰው ከቅዳሴ ወጥቶ ቡና ላይ ይሰበሰባል። ጎረቤታችን እትዬ ጀበና ባስቀመጡ ቁጥር ካርዶቼን ይዤ እሄዳለሁ። መሞከሪያ ቦታዬ እዚያ ነው።

አቦል ላይ ማንበብ ዋጋ የለውም፤ ሁሉም ለትሕትና ይስቃል። ቶና ላይ ዝም የሚል ይገኛል። በረካ ላይ ሰው ይዳፈርና «ይቺ እንኳ አታስቅም» ይላል። ስለዚህ የምጠራጠርበትን ሁሉ ለበረካ አቆያለሁ።

የዛሬው ጣጣ «ይሉኝታ» ነበር። የመጀመሪያው ጽሑፌ «‹ሰው ምን ይለኛል› በሚል ፍርሃት የማይፈልጉትን ማድረግ» ይላል። ትክክል ነው፤ ትክክል በመሆኑም አያስቅም፤ እውነተኛው መዝገበ ቃላት ውስጥ ቢገባ ማንም አያወጣውም። ሁለተኛው «የጠገበን የሚያስበላ፣ የቸኮለን የሚያስቀምጥ፣ ገንዘብ የሌለውን የሚያስከፍል» ነበር። ይሄ ቤት ይመታል፤ ሲነበብ ግን ስብከት ስብከት ይላል፤ አንዷ «አሜን» ብላ ጀመረች። ሦስተኛው «መሄድ የፈለገ እንግዳና እንዲሄድለት የፈለገ ባለቤት እስከ እኩለ ሌሊት አብረው የሚቀመጡበት ምክንያት»። ተሳቀ። «ምክንያት» የምትለዋ ጅራት ግን እንዳለች አለች።

እትዬ ሲኒ እያጠቡ ዘወር ሳይሉ «ንግግሩን አስገባዋ! ሰዎቹ ይናገሩ» አሉኝ። እንዲህ ሆነ፦

ይሉኝታ፣ ስም፦ እንግዳው መሄድ ይፈልጋል። ባለቤቱ እንዲሄድለት ይፈልጋል። «ቆይ እንጂ፣ ምን አስቸኮለህ?» «እሺ፣ ትንሽ ልቀመጥ።»

ይህን ሳነብ ተነሥታ ነጠላዋን ያጣፋች እንግዳ ነበረች። ተመልሳ ተቀመጠች። የሳቀው ቤቱ ነው።

ከዚያ በኋላ ቡናው ራሱ ቃል ማፍለቅ ጀመረ፤ ሁሉም ከየአቅጣጫው ይወረውራል፣ እኔ እጽፋለሁ፦

ምንም፣ ስም፦ (በግብዣ ላይ) ሁለት እንጀራ። «ኧረ ምንም አልበላህም!»

በሞቴ፣ ቃለ አጋኖ፦ ለአንድ ጉርሻ ሕይወትን ማስያዝ። የሚቀርበው ተቀባዩ ከጠገበ በኋላ ነው።

ጠፋህ፣ ግስ፦ እሱም ያልደወለ ሰው ቀድሞ የሚመሠርተው ክስ።

ወፈርክ፣ ሰላምታ፦ «ከሳህ» የሚለውን ተመልከት።

ከሳህ፣ ሰላምታ፦ «ወፈርክ» የሚለውን ተመልከት።

ዕቁብ፣ ስም፦ የራስን ገንዘብ በዕጣ አግኝቶ እልል ማለት።

ዕድር፣ ስም፦ በሕይወት ሳለህ ቀሪ ከሆንክ ይቀጣሃል። በመጨረሻ ሳትቀር የምትገኝበትን ቀን ግን አሳምሮ ያስተናግዳል።

የዕድሩ ረዘመብኝ። እትዬ ግን አትንካ ብለዋል፤ የዕድሩ ገንዘብ ያዥ እሳቸው ናቸው።

ነሐሴ 17

የአክስቴ ልጅ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለው። ካርዶቹን ፎቶ አንሥቼ ላክሁለት። «ዲያስፖራ» የሚለው ላይ እንዲህ ብዬ ነበር፦

ዲያስፖራ፣ ስም፦ ቦሌ ሲያርፍ ሀብታም። ሲመለስ ተከራይ።

«ወንድሜ፣ ይሄማ ደረሰኝ» ብሎ የድምፅ መልእክት ላከ። ጥቂት ቆይቶ አጸፋውን ከነቃል ክፍሉ ጽፎ መለሰ፦

የሀገር ቤት ዘመድ፣ ስም፦ «ናፍቀኸናል፤ ስትመጣ ምንም እንዳታመጣ» ይላል። ቀጥሎ የስልኩን ሞዴል ይልካል።

ሁለቱም ገብተዋል፤ ገጽ ለገጽ ይቀመጣሉ። እሱ የጨመረው ሌላም አለ፦

ሁለት ሰዓት፣ ስም፦ እናቴ ጠዋት ትጠብቃለች። እኔ ከምሳ በኋላ እደውላለሁ። ሁለታችንም ሰዓት አክብረናል።

ዲቪን ግን አብረን ሠራነው። የአሜሪካ ሕግ ለዚህ ቪዛ ዕጣ በዓመት እስከ 55,000 ቦታ መድቧል፤ እኛ ሰፈር ደግሞ የማይሞላ የለም። እሱ ራሱ በዚያው የሄደ ነው።

ዲቪ፣ ስም፦ ሲሞሉት ለማንም አይነገርም። ሲወጣም ለማንም አይነገርም። ሽኝቱ ላይ ነው የሚሰማው።

ነሐሴ 26

መደርደር። ቀላል መስሎኝ አይደለም፤ ከባድ እንደሆነ እያወቅሁ ነው ያቆየሁት።

ከትልልቆቹ መዛግብተ ቃላት አንዳንዶቹ፣ የደስታ ተክለ ወልድ (1962 ዓ.ም.) ጭምር፣ በአበገደ ተራ ነው የሚሄዱት። ትምህርት ቤት የተማርነው ሀለሐመ ነው። ኮምፒውተሩም የሚደረድረው በሀለሐመ ነው፤ የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ የተሰጠው ተራ ያ ነውና። በአበገደ ብሄድ ሊቅ እመስላለሁ፣ አንባቢዬ ግን ቃሉን አያገኝም። ሀለሐመ ሆነ።

ችግሩ ሞክሼዎቹ፣ ድምፃቸው አንድ የሆኑት ፊደላት ላይ ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ ተለያይተው ይቀመጣሉ፤ ሰና ሠም እንዲሁ። ዐ ከወ በኋላ ነው ያለው፤ «ዕድር»ን በዐ ጽፌ «እድር» ብሎ የሚፈልግ ሰው አ ሥር ቢያገላብጥ ባዶ ነው። ሞክሼዎችን ጨፍልቆ በአንድ ማድረግ ይቻላል፤ ብዙ ሰው ያደርገዋልም። እኔ ልቤ እምቢ አለ። አ ሥር ይህን አስገባሁ፦

እድር፦ «ዕድር» ተመልከት። ያልከፈልክበት ወር ካለ አትመልከት።

ጳጉሜ 1

የዚህን ወር መግባት አስመልክቶ አንድ ካርድ ዛሬ ተጻፈ። «የ13 ወር ጸጋ» የሚለውን የቱሪዝም መፈክር ያወጡት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ናቸው፤ ድንቅ መፈክር ነው፤ የደመወዝ ክፍል ግን አልሰማውም፦

ጳጉሜ፣ ስም፦ ፀሐይ አለው። ደመወዝ የለውም።

ወደ ገጹ ሥራ። አራት ኤፎር ወረቀት ግራ ቀኝ ታትሞ፣ እያንዳንዱ ለሁለት ተቆርጦ ሲታጠፍ 32 ትንንሽ ገጽ ይወጣዋል። ገጾቹ በተራ አይታተሙም። አንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን የሚያርፉት ሁለት ገጾች ሁልጊዜ ተደምረው 33 መምጣት አለባቸው፦ 32 ከ1፣ 2 ከ31፣ 30 ከ3። ድምሩ 33 ካልመጣ ሲታጠፍ ዲያስፖራው ደላላው ላይ ይወጣል። ገጽ ለገጽ መቀመጥ ያለባቸውን ደግሞ ለብቻ ማሰብ ያስፈልጋል፤ የአክስቴ ልጅና የእኔ ጥል 16 እና 17 ላይ፣ መሀል ወረቀቱ ላይ ወደቀ። እዚያ ብቻ ነው ቁጥር ተከትሎ የሚታተመው።

የፊደሉ መጠን 11 ነው። በ9 ብዙ ቃል ይገባ ነበር፤ በዚያ መጠን ግን ሕ ከሐ፣ ጪ ከጬ አይለይም፤ ሽሙጥ ደግሞ መነጽር ፍለጋ ላይ እያሉ አይሠራም።

ጳጉሜ 3

ስድስት ኪሎ አካባቢ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። ልጁ ፋይሉን ሲከፍተው ግማሹ ሳጥን ሳጥን ሆኖ መጣ፤ ማሽኑ ላይ ፊደሉ የለም። «ኮምፒውተሩ አማርኛ አይችልም፣ ጋሼ» አለኝ። እንዲህ ሊሆን እንደሚችል ጠርጥሬ ፊደሉ አብሮ የተቀበረበትን ፒዲኤፍ ፍላሽ ላይ ይዤ ነበር፤ እሱ ምንም ሳይጓደልበት ተከፈተ። ለምታትሙ ሁሉ፦ የሚታረመውን ፋይል ቤት ተዉት፣ ይዛችሁ የምትሄዱት ፒዲኤፍ ይሁን።

ሲታተም ልጁ ከማሽኑ የሚወጣውን እያነሣ ያነባል። ፎቶ ኮፒ የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመ። ሳቀና «ይቺን ግድግዳ ላይ ልለጥፋት?» አለኝ። ተጨማሪ አንድ ገጽ በነጻ አተመ፤ መስተዋቱ ላይ ተለጥፋለች።

ጳጉሜ 4

ጥረዛ። የወረቀቱ መሀል ድረስ የሚደርስ ረጅም ስቴፕለር የለኝም። ተራውን ስቴፕለር ሙሉ በሙሉ ከፍቶ፣ መጽሐፏን ነጠላ ጫማ ላይ ዘርግቶ፣ እጥፋቱ ላይ መጫን ነው። ሽቦው ወረቀቱን ሰርስሮ የጫማው ስፖንጅ ውስጥ ይገባል፤ ቀስ ብሎ መንቀልና እግሮቹን በማንኪያ ጀርባ ማጠፍ። ሁለት ሽቦ ይበቃል። ዳሩ ሲታጠፍ ስለሚዛባ በመጨረሻ በማስመሪያና በምላጭ አንድ ጊዜ መላጨት ያስፈልጋል። ሽፋኑ ቢጫ ወረቀት ነው፤ ለአደይ አበባ ብዬ አይደለም፣ የነበረው እሱ ነው።

እትዬ ሦስት ወሰዱ። አንዷ ለዕድሩ ሊቀመንበር መሆኗን ሲነግሩኝ የዕድሩን ገጽ አውጥቼ ልስጥ ብል እምቢ አሉ።

ሣጥኑ ውስጥ ያልገቡ ካርዶች አሉ፤ ለሁለተኛው ኅትመት ይቆያሉ። «ትራንስፎርመር» ጥሩ ነው፣ ትንሽ ይታረማል። «የሠርግ ኮሚቴ» ከ«ኮሚቴ» ጋር ይጋጫል። «ቫት» ግን እስካሁን የረባ አልመጣለትም፤ ሱቅ የከፈታችሁ ካላችሁ አዋጡ።